ሙቀትና የጨው ሟሚነት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ ዞረው ዞረው አንድ ነገር የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘኋቸው አብሬ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጨው በፈላ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ከሥር ተኝቶ ይቆያል። ሙቅ ውሃ ብዙ ጨው የመያዝ አቅም አለው ማለት ነው? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ያስተዋሉት ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን የተመለከቱት የመሟሟቱን ፍጥነት እንጂ የሚሟሟውን መጠን አይደለም። ሙቀት የውሃውን ሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስለሚያፋጥን ጨው ቶሎ ይሟሟል፤ ውሃው እስኪጠግብ ድረስ የሚቀበለው መጠን ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። 100 ግራም ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 35.7 ግራም ያህል የገበታ ጨው ሲያሟሟ፣ በ100 ዲግሪ የሚያሟሟው 39 ግራም ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የጨመረው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው መሆኑ ነው። ፍጥነትና መጠን ሲምታቱ ደጋግሜ ስለማይ ይህን ልዩነት አጥብቄ ማንሳት እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህራችን ፖታሲየም ናይትሬት የተባለ ጨው የሟሟበትን ሙቅ ውሃ (ሙሙት) ስታቀዘቅዘው መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ወጡ። በገበታ ጨው ስንሞክረው ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየም። ምክንያቱ ምንድን ነው? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ጥሩ ሙከራ ነው ያያችሁት። ጨው ሲሟሟ ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ፤ በአንድ በኩል በክሪስታሉ ውስጥ ተሳስረው የነበሩት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ይለያያሉ፣ ይህም ኃይል ይፈጃል፤ በሌላ በኩል የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን አዮን ይከብቡታል፣ ይህም ኃይል ይለቃል። በፖታሲየም ናይትሬት ዘንድ ወጪው ከገቢው በጣም ስለሚበልጥ ጉድለቱ የሚሞላው ከውሃው ሙቀት ተወስዶ ነው። ይህን ጨው በውሃ ውስጥ ስታማስሉት ብርጭቆውን በእጃችሁ ብትይዙት መቀዝቀዙ ይሰማችኋል። እንዲህ ሙቀት እየወሰደ የሚሟሟ ጨው ውሃው ሲሞቅ በብዛት ይሟሟል፤ በገበታ ጨው ዘንድ ግን ወጪና ገቢው ተቀራራቢ በመሆኑ ሙቀት ለውጥ የሚያመጣው በጥቂቱ ብቻ ነው።

በቁጥር ሲታይ፣ 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 32 ግራም ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 110 ግራም ገደማ ፖታሲየም ናይትሬት ይይዛል። ስለዚህ በ60 ዲግሪ የጠገበው ውሃ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 78 ግራም ያህሉ መያዣ አጥቶ ይወጣል። በውስጡ 10 ግራም የገበታ ጨው ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ያ ጨው እንደሟሟ በውሃው ውስጥ ይቀርና ክሪስታሉ ብቻውን ይለቀም ነበር። የጥንት ባሩድ ሠሪዎች ፖታሲየም ናይትሬትን ከሌሎች ጨዎች ያጠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ክሪስታሉ ትልልቅ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሙሙቱን ሳታንቀሳቅሱ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተዉት።

ጥያቄ፦ ሙቀት ጨውን የሚያሟሟ ከሆነ፣ ውሃ ባፈላሁ ቁጥር በማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው ለምንድን ነው? (የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ አንባቢ)

መልስ፦ በውሃዎ ውስጥ ካልሲየም ባይካርቦኔት አለ። ውሃው ሲሞቅ ይህ ውሁድ ይፈርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝ መልክ ይወጣል፤ የሚቀረው ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ በብረቱ ላይ ይጋገራል። ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ከዚህ ተለይተው፣ ሳይፈርሱ በሙቀት ሟሚነታቸው የሚቀንስ ጨዎችም አሉ፤ ለምሳሌ 100 ግራም ውሃ በ0 ዲግሪ 1.5 ግራም ገደማ ሊቲየም ካርቦኔት ሲይዝ በ100 ዲግሪ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ይይዛል። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ኮምጣጤ በውሃ ቀላቅለው ጥቂት ጊዜ ያቆዩበትና በደንብ ያለቅልቁት።

ጥያቄ፦ አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተው በፀሐይ ብቻ ነው። ውሃውን አሙቆ ማቀዝቀዝ አይቀልም ነበር? (አንድ ነጋዴ)

መልስ፦ አይሆንም፤ ምክንያቱ በመጀመሪያው መልስ ያነሣሁት ቁጥር ነው። በፈላ ውሃ እስኪጠግብ የሟሟ የገበታ ጨው እስከ 0 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ ከ100 ግራም ውሃ የሚገኘው 3 ግራም ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ውሃውን ራሱን በትነት ማስወገድ ግድ ነው፤ ለዚህም በገንዳ የተዘረጋ ውሃና የአፋር ፀሐይ ነዳጅ ሳይጠይቁ ሥራውን ይሠራሉ።

በዚያው በአፋር፣ በዳሎል አካባቢ የሚገኘው ፖታሽ (ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎች) ግን ሌላ ባሕርይ አለው። የማዳበሪያ ግብዓት የሆነው ፖታሲየም ክሎራይድ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሟሚነቱ ከ28 ወደ 56 ግራም፣ ማለትም እጥፍ ያድጋል። ይህ ጨውና የገበታ ጨው ተደባልቀው ሲገኙ፣ በገበታ ጨው አስቀድሞ የጠገበ ሙቅ ውሃ ቢፈስባቸው ውሃው የሚያሟሟው ፖታሲየም ክሎራይዱን ነው፤ ውሃው ተጣርቶ ሲቀዘቅዝ ፖታሲየም ክሎራይዱ በክሪስታል መልክ ይወጣል፣ የቀረውም ውሃ እንደገና ሞቆ ለቀጣዩ ዙር ያገለግላል።