ዘመድ ጥየቃ በቤት-መኪና፦ የጡረተኞች ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከባለቤቴ ጋር አርቪ በሚባለው ቤት-መኪና እየዞርን ልጆቻችንንና የድሮ ወዳጆቻችንን እንጠይቃለን። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከባድ መኪና ስነዳ ነው። ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ልንወጣ ነው። ያገለገለ ቤት-መኪና አይተናል፤ ጎማው አዲስ ይመስላል። ሌላ ምን እንይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወደ ጎማው ተመለሱ። «ይመስላል» አይበቃም። እንዲህ ያለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም የጎማው ጥርስ ሳይበላ ላስቲኩ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ጎማ ላይ አሃዙ በውስጥ በኩል ብቻ ስለሚጻፍ ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ምንም ቢያምር ይቀየር። እኔ ግን ሰባትን አላሳልፍም።

ቀጥሎ ክብደት ነው። መኪናው ባዶውን ሳይሆን ውሃውን፣ ጋዙን፣ ልብሱንና እናንተን ጭኖ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 200 ሊትር ሞልታችሁ ስትነሡ ሁለት ኩንታል ጭናችኋል። ለልጅ ልጆች የምትይዙት ስጦታም ይመዝናል።

ንፋሱን ጠዋት ሳትነሡ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ። መንገድ ላይ ሲግል ንፋሱ ከፍ ይላል፤ ያን አይታችሁ እንዳታስተነፍሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድልባችኋል። ንፋስ የጎደለውና ጭነት የበዛበት ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። እየነዳችሁ ቢፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ።

ጥያቄ፦ በጠቅላላው ወጪው ስንት ነው?

መልስ፦ በምን መኪና? ስንት ኪሎ ሜትር? ለስንት ቀን? ይህን ሳይነግሩኝ የምመልሰው የለኝም።

ጥያቄ፦ ልጃችን ግቢ ውስጥ ስንቆም ከቤቱ መብራት መሳብ እንችላለን?

መልስ፦ ለአምፖልና ባትሪ ለመሙላት ትችላላችሁ። አየር ማቀዝቀዣና ምድጃ አንድ ላይ ለማስነሳት ግን ተራ የቤት ሶኬት አይችልም። ቀጭን ኤክስቴንሽን አትጠቀሙ፤ ወፍራሙንም ቢሆን ተጠቅልሎ እንዳለ አትተዉት፣ ይግላል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ መሰኪያውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ንቀሉት።

ጄኔሬተር ደግሞ ሰው በተኛበት መስኮት አጠገብ አይነሳ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ይኑራችሁ፣ ጊዜው ማለፍ አለማለፉንም እዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅ ቤት ደርሶ መኪና ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ነው? ልጅን ማስከፋት አይሆንም?

ሌላ አባል፦ እኔ አልስማማም። ሌሊት ሦስቴ የምትነሳ ሴት በሰው ቤት ጨለማ ደረጃ ስትወርድ ብትወድቅስ? የራሷ ሽንት ቤት ሁለት እርምጃ ላይ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ እንደዚያ ከሆነ ልጆቹ ታች ያለውን ክፍል ይልቀቁላት።

ሌላ አባል፦ ሕፃናቱን ከአልጋ አስነስቶ?

መልስ፦ ይህን እናንተና ልጆቻችሁ ተነጋገሩበት። እኛ ምግቡን ከነሱ ጋር እንበላለን፣ መኝታችን መኪናችን ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች። የመኪናው ፍሪጅ ይታመናል?

መልስ፦ ስለ መድኃኒቱ ሐኪሟን ጠይቁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚቀመጥ፣ በረዶ ከሠራም እንደሚጣል አውቃለሁ። ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ መኪናው አዘቅዝቆ ሲቆም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ጎማው ሥር ታኮ አስገብታችሁ አስተካክሉት። ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ። በጉዞ ላይ ግን ጋዙ ዝግ ይሁን ብያለሁ።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ ውሃው እንዴት ነው የሚደፋው?

መልስ፦ በተፈቀደ ቦታ፣ ጓንት አድርጋችሁ። የሽንት ቤቱን አስቀድሙ፣ የመታጠቢያውን አስከትሉ፤ ቱቦውን ያጥብላችኋል።

ጥያቄ፦ እኛ ያየነው መኪና ጎማው ጥርሱ አልተነካም። ይህም ዓመቱ ይታያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ የጻፍኩት ስለዚሁ ነው። አዎ፣ ይታያል። አራቱን አሃዝ ሳያነቡ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆችን እናስቀድም ወይስ የድሮ ወዳጆችን?

መልስ፦ ወዳጆችን። ልጆች ይጠብቃሉ፤ እኩዮቻችን ግን በየዓመቱ እየጎደሉ ነው። ሁለቱን ደውዬ «በሚቀጥለው ዓመት እንመጣለን» ብያቸው ዓመቱ ሳይደርስ ቀብራቸውን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የማወጣው በነሱ ጤና ነው።

አብሮኝ ሃያ ዓመት የነዳ ጓደኛዬ ዘንድ ስንደርስ ጉልበቱ ተይዞ የመኪናችንን ሦስት ደረጃ መውጣት አቃተው። ወንበር አውጥተን ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ጥላው ላይ ተቀመጥን። እያወራን አውራ ጣቱን በጎማው ጎን እየሳበ ይሄድ ነበር። ድንገት ወሬውን አቆመና ጣቴን ይዞ እዚያው ላይ አስቀመጠው። ከሪሙ ጠርዝ አጠገብ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ዳበስኩ። ጥርሱ ግን እንደ አዲስ ነበር። «በዚህ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አለኝ። አዲስ ጎማ እስኪመጣ አራት ቀን ቆየን። ባለቤቶቻችን ከውስጥ፣ እኛ ከውጭ፣ ስንት ዓመት ያላወራነውን አወራን። ስንለያይ እንደ ድሮው ስፖኪዮውን በመዳፉ ጠርጎልኝ ነው የተለየኝ።

ጥያቄ፦ ያ ጎማ ስንት ዓመቱ ነበር?

መልስ፦ ስምንት።