እግር ለምን ይቀድማል?

ሕክምና ለምትማሩና ሥራውን ገና ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በሥራ ሁለተኛ ዓመቴ አንድ የስኳር ታካሚ ሽማግሌ ክፍሌ ገቡ። አንድ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። «አባባ፣ አንዱ ጫማዎ የት ሄደ?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ደነገጡ። መንገድ ላይ ወልቆ አልታወቃቸውም። እኔም ስኳራቸውን ለካሁ፣ መድኃኒታቸውን አስተካከልኩና ሸኘኋቸው። ውስጥ እግራቸውን ገልብጬ አላየሁም። በሦስተኛው ሳምንት ቁስሉ አመርቅዞ ተመልሰው መጡ፤ ሁለት ጣት አጡ።

ይህን የሰሙ አንድ አስተማሪዬ አልተቆጡኝም። «ስኳሩ በደማቸው መላ ሰውነታቸውን ይዞራል። ታዲያ እግራቸው ለምን ቀድሞ ደነዘዘ?» ብቻ አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ ለእናንተ ላስተላልፈው ነው የምጽፈው።

ትልቁ የመልሱ ክፍል ርቀት ነው። የእግራችሁን ጡንቻ የሚያዘው የነርቭ ሴል አካሉ ያለው ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ስፋቱ ቢበዛ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእሱ የሚወጣው አክሰን የተባለ ረጅም ክር ግን ረዘም ባለ ሰው 1 ሜትር ይሆናል። የሴሉን አካል 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል አድርጋችሁ አስቡት። አክሰኑ 40 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ዳር ላይ የሚፈለገው ፕሮቲን በአብዛኛው የሚመረተው ደግሞ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። መጫን፣ መጓዝ፣ መራገፍ አለበት።

ጭነቱ የሚሄድበት ሐዲድ ማይክሮቲዩብ ይባላል። ወደ ዳር የሚጭነው ኪኔሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ የሴል ነዳጅ ከሆነው ኤቲፒ አንድ ያቃጥላል። 1 ሜትር ለመሄድ 125 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል፤ እርግጥ አንዱ ሲለቅ ሌላው እየተቀበለ ነው። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ በሁለት ቀን ተኩል እግር ይደርሳል። የአክሰኑ ማገር የሆኑት ፕሮቲኖች ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። ይህ ወደ ሦስት ዓመት ነው! ዛሬ ስፔሻሊቲ ብትጀምሩ፣ እናንተ ስትጨርሱ ነው የሚደርሱት።

ይህን ያወቅነው በትዕግስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፖል ዋይስና ሄለን ሂስኮ የተባሉ ተመራማሪዎች የእንስሳ ነርቭ አንድ ቦታ ላይ አጥብበው ጠበቁ። ቦይ ሲገደብ ውሃው ከላይ እንደሚጠራቀም፣ አክሰኑም ከማነቆው በላይ አበጠ። ማነቆው ሲነሳ የተጠራቀመው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ኪኔሲን የተገኘው ከዚያ 37 ዓመት ቆይቶ፣ በ1985 ነው። ዉድስ ሆል በተባለች የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ ወፍራም አክሰን ላይ ነው ያገኙት።

ሐዲዱ ሲነካ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ የካንሰር ክፍል ሂዱ። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ማይክሮቲዩብን እያፈረሰ የካንሰር ሴል እንዳይባዛ ያደርጋል። ነርቭም በዚያው ሐዲድ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ረጅሙ መንገድ ቀድሞ ይጎዳል፤ መድኃኒቱን የሚወስደው ልጅ «እግሬን ይደነዝዘኛል» ይላችኋል። ቀጥሎ የእጁ ጣቶች ይከተላሉ። በስኳር በሽታ የደም ሥር ጉዳትና ሌላም ምክንያት ይጨመርበታል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

የመልስ ጉዞም አለ፤ እሱን የሚሠራው ዳይኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚሳፈረው በዚህ ነው። ፊቱን የተነከሰ ልጅ እግሩን ከተነከሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። ክትባቱ የሚያድነውም ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ስለሚቀድመው ነው። ወላጅ «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ የባህል መድኃኒት ሞክረን እንመለስ» ሲላችሁ ይህን መንገድ በወረቀት ላይ ሥላችሁ አሳዩት። ቁስሉን በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ አሳጥቡ፤ ክትባቱን ያኔውኑ አስጀምሩ።

አልዛይመር ላይ ግን እንዳትቸኩሉ። ታው የተባለው ፕሮቲን ሐዲዱን ለቆ እርስ በርሱ እንደሚተበተብ እናውቃለን። መንገዱ ስለተዘጋ ነው ሴሉ የታመመው፣ ወይስ ሴሉ ስለታመመ ነው መንገዱ የተዘጋው? ይህ ገና አልተቋጨም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 የዳይኒን ረዳት በሆነው ዳይናክቲን ላይ የደረሰ የዘር ለውጥ አንድን ቤተሰብ ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን ለሚጎዳው ለሞተር ነርቭ በሽታ ሲዳርግ ታየ። በ2018 ደግሞ ከኪኔሲን ዘረ መሎች አንዱ፣ ኬ.አይ.ኤፍ.5ኤ፣ የዚሁ በሽታ ዓይነት ከሆነው ኤ.ኤል.ኤስ ጋር ተያያዘ። ስለዚህ የጫኚዎቹ ጉድለት ራሱ የበሽታ መነሻ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ከእናንተ አንዱ ቢፈታው ምንኛ ደስ ባለኝ።

እኔ ከእነዚያ ሽማግሌ ወዲህ የስኳር ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ ካልሲ አስወልቃለሁ። በጣቶቹ መሀል አያለሁ፤ ውስጥ እግሩን ገልብጬ አያለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳንቀሳቅስ ወዴት እንደሆነ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ወረፋው በር ላይ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም አስወልቁ።