የ3ኤል ታይሚንግ ቺንጋ እቤት ለመቀየር ላሰብከው ወንድሜ

ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር ሀይሉክስህ ላይ የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ዘንጎች አገናኝቶ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ) መብራት በርቶብህ፣ ጋራዡ የጠራልህ የእጅ ዋጋ አስደንግጦህ፣ «ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ ወይ? ውጥረቱንስ በምን ላውቀው?» ብለሃል። ትችላለህ። የእኔም ባለ 3ኤል ናት። ልደታ ጠባብ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ቀይሬላት ዛሬም ጭነት ትሸከማለች። ቁልፍ ይዘህ ታውቃለህ ብዬ ስለማስብ ራዲያተር እንዴት እንደሚወርድ አልነግርህም። ብቻ መንገድ ዳር እንዳትሞክረው። አስፋልት ላይ ዘይት ከፈሰሰ ደንብ አስከባሪ አይምርህም።

1. ቺንጋውን ብቻ አትግዛ። የቴንሽነሩን (የቺንጋው መወጠሪያ) ኩሽኔት፣ ሞላውን፣ የካሙንና (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) የክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የፊት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) አብረህ ግዛ። ይሄን የምልህ በደረሰብኝ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጋራዥ ነበር ያስቀየርኩት። አዲስ ኩሽኔት ደረሰኙ ላይ ጽፈው ብሩን ተቀበሉኝ፣ መኪናው ላይ ግን አሮጌውን መልሰው አሰሩት። ሲሚንቶ ጭኜ ቸርችልን ሽቅብ ስወጣ፣ ጥቁር አንበሳን አልፌ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳቀና፣ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። ፍሬኑም ወዲያው ደነደነ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ረዳቴ ድንጋይ ከጎማው ስር ወሽቆ ነው የተረፍነው። ሽፋኑ ሲፈታ ኩሽኔቱ ቅባቱ ደርቆ፣ ከሙቀት ብዛት ብረቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ በጣት ሲገፋ አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። እሱ ሲነክስ ቺንጋው ተላጠ፣ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ታጠፉ። ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) ወርዶ ቶርኖ ቤት ገባ። ለዚህ የወጣው ብር ከቺንጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አቤት ልል ስሄድ ባለቤቱ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «የምትቀዳው ናፍጣ ቆሻሻ ነው» አለኝ። ናፍጣና ኩሽኔት ምን አገናኛቸው? እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ሥራ ለሰው አልሰጥም።

2. ዕቃውን ሶማሌ ተራ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ጥርሱን ቁጠር፣ ወርዱን አስተያይ። በካርቶኑ ማማር አትሸወድ፣ ፎርጅዱም ካርቶኑ ያምራል። ተጣጥፎ የተቀመጠ ቺንጋ አትቀበል፣ ውስጡ ያለው ክር ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔቱን በጣትህ አዙረው። ትንሽ ከበድ ብሎ ያለ ድምፅ መዞር አለበት። እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ቅባት የለውም። ሻጩ «ስንቱን ትነካካለህ!» ብሎ ይቆጣ ይሆናል፣ ተቆጥቶ ይውጣለት፣ አንተ አይተህ ግዛ።

3. ምልክቶቹ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የክራንኩን ቡሎን ለመፍታት አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን የሚረግጥልህ ሰው ያስፈልግሃል፤ በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ነጥቀው የሚፈቱትን አትከተል። ግሎ ፕላጎቹን (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁትን) ካወጣህ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይቀልሃል። የካሙ፣ የናፍጣ ፖምፓውና የክራንኩ ምልክት ሦስቱም ከየመስመራቸው ሲገጥሙ፣ አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት ነጭ የጥፍር ቀለም ቀባባቸውና ፎቶ አንሳ። ቺንጋው ሲወጣ የፖምፓው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) በራሱ ትንሽ ሊሸሽ ስለሚችል አትደንግጥ፣ ቀስ ብለህ መልሰው። አንድ ጥርስ ከዘለለ ግን ጭስና አልነሳም ባይነት ይጠብቅሃል።

አሁን ዋናው ጥያቄህ፣ ውጥረቱ። በዚህ ሞተር ላይ ውጥረቱን የሚሰጠው ሞላው ነው፣ የአንተ ጉልበት አይደለም። ብዙ ጋራዥ ግን ረጅም ብረት አስገብቶ ቴንሽነሩን እየገፋ «ጠበቅ ይበል» ይላል። እኔንም እንዲያ ነው ያደረጉኝ፤ በዚያ ላይ ኩሽኔቱ አሮጌ ነው፣ እንዴት ይቻለው? ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያፏጫል፣ ኩሽኔትና የፖምፓውን ዘንግ ይበላል። የላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። የቴንሽነሩን ቡሎን አላላው፣ ሞላው ራሱ ይግፋው። ከዚያ ክራንኩን በቡሎኑ፣ በእጅህ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ብቻ 2 ሙሉ ዙር አዙር። ክራንኩ 2 ሲዞር ካሙ 1 ስለሚዞር ምልክቶቹ ተመልሰው ይገጥማሉ። ከገጠሙ የቴንሽነሩን ቡሎን በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካው) አጥብቅ። ካልገጠሙ ቺንጋውን አውጥተህ እንደገና ጀምር፣ «ትንሽ ነው» ብለህ አትለፈው። ስታዞር መሃል ላይ ድርቅ ካለብህ አትታገለው። ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል፣ ምልክቶቹን እይ።

ኦይል ሲሉን ደግሞ «ደረቅ ነው» ብለህ አትተወው። ዘይት ከነካው አዲሱም ቺንጋ ዕድሜ አይኖረውም።

ሽፋኑ ላይ የቀየርክበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ጻፍ። የዚህ ሞተር ቺንጋ 100,000 ኪሎ ሜትር ይባላል፣ በእኛ አቧራና ጭነት ግን እኔ ቀደም ብዬ ነው የምቀይረው። ሽፋኑን ከመክደንህ በፊት የሦስቱን ምልክቶች ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።