ከሳንዱቅ የወጡ ፎቶግራፎች፦ ጥያቄና መልስ

የቆዩ ፎቶግራፎችንና የንግድ ማስታወቂያዎችን የሚመለከት ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልኝ ከጋበዝኋችሁ ወዲህ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላና ከቢቸና ብዙ መልእክቶች ደርሰውኛል። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት ከ1940ዎቹ ጀምሮ እስከ 1966 ዓ.ም. ባለው የከተማ ኑሮ ላይ ነው። ለሁሉም በዚህ አምድ መልስ መስጠት ስለማይቻል፣ የብዙዎችን ሐሳብ ይዘዋል ያልኋቸውን መርጬ አቅርቤያለሁ።

«እናቴ ካረፈች በኋላ ከሳንዱቋ ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አገኘን። በወጣትነቷ ከትልቅ ሬዲዮ አጠገብ ቆማለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ፏፏቴ ያለበት የአበባ ቦታ ይታያል። በጀርባው በእርሳስ ‹ለማስታወሻ፣ 57› ከሚል በቀር ምንም የለም። ቤታችን በዚያ ዘመን ሬዲዮ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የለም። የት ተነሥታ ይሆን? መቼስ?» (ከደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሬዲዮው የፎቶ ቤቱ ንብረት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን የነበሩ ፎቶ ቤቶች በሸራ ላይ የተሳለ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ጥሩ ወንበር፣ አንዳንዴም ሬዲዮ ወይም ስልክ አዘጋጅተው ደንበኛው የወደደውን መርጦ አጠገቡ እንዲቆም ያደርጉ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ከፈለጉ የአበባው ቦታ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ሸራ ከሆነ ታችኛው ጠርዝ ላይ እጥፋት ወይም መጨማደድ ይታያል፤ የእናትዎ ጥላም ሣሩ ላይ መውደቅ ሲገባው ፏፏቴው ላይ ተደግፎ ሊያገኙት ይችላሉ።

ቀጥሎ እጃቸውን ይመልከቱ። የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ የሰዓቱን ፊት ወደ ካሜራው ማዞሩ የተለመደ ነበር። የሰዓቱ ማሰሪያ ለእጃቸው ሰፍቶ ክንዳቸው ላይ ተንሸራትቶ ከሆነ ደግሞ ከጓደኛ ወይም ከእኅት የተዋሱት ሊሆን ይችላል። ይህንን እንደ ማስመሰል እንዳያዩባቸው አደራ እላለሁ። ፎቶግራፍ መነሣት ገንዘብ የሚጠይቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያም ባነሰ የሚገኝ አጋጣሚ ስለነበር፣ ሰው የሚነሣው የዕለት ኑሮውን ሳይሆን ሊደርስበት የሚመኘውን መልኩን ነበር። እናትዎ በዚያ ቀን ምን እንደተመኙ ፎቶግራፉ በግልጽ ይነግርዎታል፤ ከሬዲዮው ባለቤትነት ይልቅ ይህ የሚበልጥ መረጃ ይመስለኛል።

ዓመቱን በተመለከተ፣ በሀገራችን ሰው እጅ የተጻፈ «57» 1957 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1964 እና 1965 መሆኑ ነው። ይህን የምለው ብዙ የቆዩ ፎቶግራፎች በዚህ ምክንያት ሰባትና ስምንት ዓመት ያለ ዕድሜያቸው እየተሰጣቸው ሲሰራጩ ስለማይ ነው። የወረቀቱ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ከሆነ እስከ 1950ዎቹ በስፋት ይሠራበት የነበረ አቆራረጥ ስለሆነ ከተጻፈው ዓመት ጋር ይስማማል። በጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም የወረቀቱ አምራች ስም፣ ለምሳሌ አግፋ ወይም ኮዳክ የሚል፣ ፈዝዞ ሊኖር ስለሚችል ወደ ብርሃን አዘንብለው ይመልከቱት። ከሁሉ አስቀድመው ግን የእናትዎን እኩዮች ይጠይቁ፤ የነገሩዎትንም በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ በቀስታ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ ይጻፉት። የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ሊሰርግ ይችላል።

«የጢስ ዓባይን ፏፏቴ የሚያሳይ የጥንት የቱሪዝም ማስታወቂያ አየሁ። ውኃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። እኔ ያደግሁት በአካባቢው ነው፤ እንዲህ ሆኖ ያየሁት ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ማስታወቂያው አጋኖት ይሆን?» (ከባሕር ዳር)

አላጋነነም። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን በክረምቱ ማብቂያ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ማስታወቂያ ሠሪዎቹም ሥዕሉን የሚያነሡት ውኃው በሚሞላበት ወቅት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው ውኃ አነስተኛ ስለነበር የፏፏቴውን መልክ ብዙ አልለወጠውም። ነገሩ የተቀየረው ከጣና በሚወጣው ውኃ ላይ የጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራና በ1993 ዓ.ም. ገደማ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚወስደው፣ ያ ውኃ ጭራሹን በፏፏቴው በኩል አያልፍም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ማስታወቂያ የወንዙን የቀድሞ መልክ የሚመሰክር ሰነድ ነውና ይጠብቁት።

በዚያ ዘመን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የጉብኝት መስመር ተያይዘው ለውጭ ሀገር ሰው የሚተዋወቁ ነበሩ፤ «የ13 ወር የፀሐይ ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ያወጡትም የኢትዮጵያ ቱሪዝም መሥራች የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዲሲ 3 አውሮፕላኖቹን በሣር ሜዳ ላይ እያሳረፈ ክፍላተ ሀገሩን ከዋና ከተማው ጋር ያገናኝ ነበር። እነዚህን ማስታወቂያዎች ስመለከት ደስታዬን የሚቀንስብኝ አንድ ነገር አለ፤ ለሐይቁ፣ ለገዳሙና ለአውሮፕላኑ ስም ሲሰጥ ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ግን ስም የለውም። የአካባቢው ልጅ እንደመሆንዎ ሰውየውን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ሥዕሉን ይዘው ይሂዱና ይጠይቁልን።

«የ1950ዎቹን የከተማ ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር ባልኖርሁበት ዘመን ናፍቆት ይይዘኛል። መንገዱ ጸጥ ያለ፣ ሰዉ ሁሉ ሱፍ የለበሰ ነው። አያቴ ግን ‹እኛ ያንን ኑሮ የት አየነውና ልጄ› ትለኛለች። ማንን ልመን?» (ከፍኖተ ሰላም)

ሁለቱንም ይመኑ፤ የሚነግሩዎት ግን ስለ ተለያዩ ሰዎች ነው።

ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩት እውነት አለ። ያ ዘመን የጎጃም ከተሞች በፍጥነት ያደጉበት ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ የቀድሞዋ መንቆረር፣ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ስለነበረች ፍርድ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ደመወዝተኛ የሆነ የጸሐፊና የመምህር ወገን ፈጥረውባታል። በባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። ዛሬ የምናደንቃቸው ሰፋፊ መንገዶች ጀርመናዊው ማክስ ጉተር በዚያ ዘመን ካዘጋጀው የከተማ ፕላን የተወለዱ ናቸው። በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል ወጣት ብስክሌት ይገዛል፣ ሱፍ ያሰፋል፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ፎቶ ቤት ይሄዳል። እርስዎ የሚናፍቁት የዚህን ወጣት እሑድ ነው።

የጎጃም ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ግን ገበሬ ነበር፤ በከተማ ፎቶግራፎችም ላይ የሚታየው ገበያ በወጣበት ቀን፣ ያውም ከጀርባ፣ ጭነቱን አህያ ላይ አድርጎ ሲያልፍ ነው። በ1960 ዓ.ም. ይኸው ገበሬ በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለውን አዲስ ግብር በመቃወም፣ ሞጣን፣ ዳሞትንና ቢቸናን ጨምሮ በሰፊው የጎጃም ክፍል ተነሥቷል። ግብሩ የርስት መሬቱን ለማስለካትና ለመንጠቅ የመጣ ዘዴ ነው ብሎ ይሰጋ ስለነበር ነገሩ ከገንዘብ በላይ ሆኖበት ነበር። መንግሥት ጦር አዝምቶበት፣ ከአየር ሳይቀር ተደብድቦ፣ በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ቀረለት። ይህ ሁሉ የሆነው እርስዎ በሚናፍቁት ዘመን፣ ሬዲዮና ለስላሳ መጠጥ በሚያስተዋውቁት ጋዜጦች ዘመን ነው። አያትዎ «የት አየነውና» ሲሉ ይህን ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው።

በከተማውም ውስጥ ቢሆን ሰው ለፎቶግራፍ የሚቆመው በጥምቀት፣ በመስቀል፣ በሠርግ ወይም በምርቃት ቀን ነው። በግቢ ውስጥ የተነሡ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ሲያገኙ ዓይንዎን ከመካከሉ አንሥተው ወደ ዳርቻው ይውሰዱ። ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ እንስራ የያዘች ወይም ሕፃን ያዘለች፣ ግማሽ አካሏ በፎቶው ጠርዝ የተቆረጠ ልጃገረድ ትገኛለች። የእንግዶቹ ስም ከነማዕረጋቸው በጀርባው ሲጻፍ የእርሷ ስም አይጻፍም፤ ነገር ግን ነጩን ሸሚዝ አጥባ የተኮሰችው፣ ቡናውን ያፈላችው እርሷ ነበረች። ናፍቆትዎን እንዲተዉ አልጠይቅዎትም። ይህችን ልጅ ጨምረው ይናፍቁ እላለሁ።

«ከአያቴ ሱቅ የተረፈ አንድ የቆርቆሮ ማስታወቂያና አንድ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና አለን። ዝገቱን አስወግጄ እንደ አዲስ ላስቀባቸው አስቤያለሁ። ትክክል ነው?» (ከዳንግላ)

እባክዎ አያስቀቡ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረ ቢሆንም፣ በጠቅላይ ግዛቶቹ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለነበር የጎጃም ሰው የንግድ ማስታወቂያን የተዋወቀው በአብዛኛው በነዳጅ ማደያ ምልክት፣ በሱቅ በር ላይ በተመታ ቆርቆሮና በግድግዳ ላይ በሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ነው። ያ ቆርቆሮ ፊደል ላልቆጠረው ሁሉ በሥዕል የሚናገር ነበር። ምስማሩ የገባባቸው ቀዳዳዎችና ፀሐይ ያነጣችው ጎን የታሪኩ ክፍል ናቸው፤ አዲስ ቀለም ሁሉንም ይደመስሳቸዋል።

ሲንጀሩ ደግሞ ራሱ ማስታወቂያ ነበር። በጥቁሩ አካሉ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው ስምና የተሳለው ሐረግ የተሠራው ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲሰፋ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ጭምር ነው። የአያትዎን መኪና ተጠግተው ሲያዩት ጨርቅ የሚገፋው እጅ ሲመላለስበት በኖረው በኩል ወርቁ ተፍቆ ጥቁሩ ብቻ ቀርቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ያ የስንት ዓመት ሥራ ምልክት እንደሆነ ያስቡት! በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ይጥረጉ፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉባቸው፤ ቆርቆሮውን ከዝናብና ከእርጥብ ግድግዳ ያርቁ። በየትኛው ገበያ፣ በማን ሱቅ በር ላይ እንደነበረ ጽፈው ከጀርባው ያኑሩ።

«የወላጆቼ የሠርግ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እስከ ዛሬ ጥርት ያለ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ባለ ቀለሞቹ ግን ሁሉም ቀይ ሆነዋል። ለምን?» (ከቢቸና)

የጥቁርና ነጩ ምስል የተሠራው ከብር ማዕድን ቅንጣት ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ረጅም ዕድሜ አለው። ባለ ቀለሙ ግን ከሦስት ማቅለሚያዎች ይሠራል። በዚያ ዘመን ወረቀቶች ውስጥ የነበረው ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ በጨለማ ውስጥ እንኳ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ እርሱ ሲለቅ የሚቀረው ቀይና ቢጫ ነው። ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ፎቶዎቹን ከማድ ቤት ርቆ በሚገኝ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ። ቅጂ ለማስነሣት ካሰቡ ከባለ ቀለሞቹ ይጀምሩ።

«የአልበማችን ገጾች ሙጫ ያላቸው፣ በላያቸው ፕላስቲክ የሚለበጥባቸው ናቸው። ፎቶዎቹ ተጣብቀው አልለቅ አሉ።» (ከደብረ ማርቆስ)

አይጎትቷቸው። ውኃም ሙቀትም አይጠቀሙ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በስልክ ያንሡት፤ ከመስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ። ከዚያ ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ጠርዝ ሥር አስገብተው ወደ ጎን እያመላለሱ በቀስታ ይሞክሩ። እንቢ ካለ ገጹን ዙሪያውን ቆርጠው ከነፎቶው ያቆዩት። የለቀቀውን ፎቶ ጀርባም ማንሣት አይርሱ፤ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው።

«አያቴ በ1950ዎቹ የተነሣችውን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ቀለም አስገባሁበት። ቤተሰቡ በጣም ወደደው፤ ዋናውን ለምን እናስቀምጣለን የሚሉም አሉ።» (ከባሕር ዳር)

ዋናውን በምንም ምክንያት አይጣሉ። ኮምፒዩተሩ ቀለሙን የሚያስገባው በግምት ነው፤ የአያትዎ ቀሚስ ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቤተሰቡ ደስ ስላለው ቅጂውን ይስቀሉት፤ ከሥሩ ግን «ቀለሙ በኮምፒዩተር የተጨመረ» ብለው ይጻፉበት፤ አለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ እውነተኛው ጥለት ነው ብሎ ይወስደዋል። የጥለቱን ቀለም የሚያስታውስ የአያትዎ እኩያ በሕይወት ካለ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሄደው ይጠይቁና መልሱን ከዋናው ፎቶግራፍ ጀርባ ያስፍሩት።