መልስ፦ እንባ ጠባቂው አቤቱታዬን ለምን መለሰብኝ?

እንባ ጠባቂው (በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአሠራር በደል ላይ የሚቀርብን አቤቱታ የሚመረምር ተቋም) ስለ ቆሻሻ አለመነሳት ያቀረቡትን አቤቱታ የመለሰው ጉዳዩን ንቆት አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ገና የመጨረሻ መልሱን በጽሑፍ ስላልሰጠዎት ነው። «ለሦስት ወር ቆሻሻ አልተነሳልንም» ብለው ደጋግመው መደወልዎ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ጥያቄ ተብሎ ነው የሚመዘገበው እንጂ ቅሬታ አይባልም።

ስለዚህ፦

1. ለማዘጋጃ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ያመልክቱ። «ይህ መደበኛ ቅሬታ ነው» ይበሉ፤ የመዝገብ ቁጥርም ይቀበሉ።

2. መልሱ ካላረካዎት ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይግባኝ ይበሉ። የመጨረሻው ደብዳቤ ሲደርስዎ፣ ወይም ራሳቸው ባስቀመጡት ጊዜ ውስጥ ዝም ካሉ፣ ያኔ ወደ እንባ ጠባቂው ይመለሱ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አያስፈልግም።

3. የቆሻሻ መኪናው መምጣት ሲኖርበት ሳይመጣ የቀረባቸውን ቀኖች፣ ለማን እንዳመለከቱና ምን እንደተባሉ በዝርዝር አያይዙ።

የእንባ ጠባቂው መርማሪ የሚያየው የአሠራር ጥፋት መኖሩንና ጥፋቱ እርስዎን መጉዳቱን ነው። በአግባቡ የተሰጠን ውሳኔ «አልተስማማኝም» ስላሉት ብቻ አይሽርም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፖሊሲው አምስት ገጽ ጽፎ ቀኖቹን ይዘላል። የሚፈልጉትንም መፍትሔ ይግለጹ፦ ይቅርታ፣ የፕሮግራም ማስተካከያ፣ መጠነኛ ካሳ። ሠራተኛ ይባረርልኝ ማለት ግን ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በብዙ አገር ለእንባ ጠባቂ ለማመልከት ችግሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ የ12 ወር ገደብ አለ። «እየታየ ነው» እያሉ ቢያቆዩዎትም ጊዜው ይቆጠራል። በዚሁ ጉዳይ ክስ ከመሠረቱ ደግሞ እንባ ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡን ይዘጋዋል።