አንድ የላቲን ስም ለሁለት እንስሳ? ጥያቄና መልስ

ስለ ሳይንሳዊ ስም የመጡልኝን ጥያቄዎች እንዳመቸኝ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ጎሪላ ጎሪላ» የታይፒንግ ስህተት ነው?

አይደለም። ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፣ ፊተኛውን ቃል ሁለተኛ አድርጎ መድገም በእንስሳት ይፈቀዳል፣ በዕፅዋት ነው የማይቻለው።

ኦክቶፐስ ቩልጋሪስና ስተርነስ ቩልጋሪስ የሚባለው ወፍ ዘመድ ናቸው ወይ?

ኧረ በፍጹም! ሁለተኛውን ስም ማንም ሊጋራው ይችላል፣ ከፊተኛው ጋር ካልተነበበ ዋጋ የለውም፣ ይሄን ስንቴ ልበል።

ሌላው አንባቢ ኢኪድና ብሎ ሰርች ሲያደርግ እሾሃሙን የአውስትራሊያ እንስሳ ጠብቆ ዓሣ መጣበት፣ «ሳይንቲስቶቹም ይምታታባቸዋል?» ይላል።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ኢኪድናን ፎርስተር የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1788 ሞሬይ ለሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ሰጥቶት ነበር፣ ኩቪየር ደግሞ በ1797 ያንኑ ስም ለእሾሃሙ እንስሳ አወጣው፣ በእንስሳት ስያሜ ሕግ ሁለት ጂነስ (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ምድብ፣ የስሙ ፊተኛ ቃል) አንድ ስም መያዝ ስለማይችልና ቅድሚያ ያለው ስለሚያሸንፍ ዓሣው ስሙን ይዞ ቀረ፣ እሾሃሙ ኢሊገር በ1811 ባወጣለት ታኪግሎሰስ ተመዘገበ፣ ሰዉ ግን እስከዛሬ ኢኪድና ነው የሚለው። የፕላቲፐስ፣ የዳክዬ አፍ ያለው የአውስትራሊያ እንስሳ፣ ነገር የባሰ ነው፦ ሾው በ1799 ፕላቲፐስ አናቲነስ ሲለው ፕላቲፐስን ሄርብስት በ1793 እንጨት ለሚበሳ ጥንዚዛ ወስዶታል፣ ስለዚህ ብሉመንባክ በ1800 ያወጣው ኦርኒቶሪንከስ ገባ፣ የሾው አናቲነስ ግን ቀዳሚ ስለነበር አልተጣለም፣ እና ዛሬ ኦርኒቶሪንከስ አናቲነስ ስንል የሁለት ሰው ስራ ነው የምንጠራው። ለዚህ ነው ከስሙ ኋላ ያለውን የሰው ስምና ዓመት አትቁረጡት የምለው፣ ኢኪድና ብቻ ከተጻፈ የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ «ኩቪየር 1797» ካለው ግን አለቀ።

እንስሳና ተክልስ አንድ ስም ይጋራሉ?

አዎ፣ ሕጋቸው ለየብቻ ነው። ፊከስ ቫሪዬጋታ የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍም የባሕር ቀንድ አውጣም ነው፣ ሁለቱም ትክክል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ አስደንግጣኛለች። ኦኤናንቴ የምትባል ወፍ ስትፈልግ ተክል አገኘች፣ «ይበላል» ስለሚል ወንዝ ዳር ያየችውን ልትቀምስ ነው።

እባክሽ እንዳትነኪው! ኦኤናንቴ ጃቫኒካ ይበላል፣ ኦኤናንቴ ክሮካታ ግን ሰው ይገድላል፣ ጂነሳቸው አንድ ነው። በስልክ ፎቶ አትወስኚ፣ የዕፅዋት ባለሙያ በእጁ ይዞ ይየው፣ ቀምሰሽ ከሆነ ደግሞ መልሴን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

አዲስ ጥንዚዛ አግኝቻለሁ ስም ላውጣለት ላልከው፦ ሙዚየም ያሉ የጥንዚዛ ባለሙያዎችን ጠይቅ፣ ስሙ እንዳልተያዘም አስቀድመህ አጣራ።