ስደት ወይስ ፍልሰት?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ በዓለም አቀፍ ንግድ፣ በኢንቨስትመንትና በሰዎች ከአገር አገር መንቀሳቀስ መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። የአማርኛውን ማጠቃለያ «ንግድ፣ ኢንቨስትመንትና ስደት» ብዬ ጀመርሁ። አማካሪዬ «ስደት»ን ሰርዘው «ማይግሬሽን» ጻፉበት። ጓደኛዬ ደግሞ «ፍልሰት» በል አለኝ። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ የጓደኛዎን ይያዙ። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳ፤ ይህ ነገር ሲያሳስበኝ ቆይቷል።

በግእዝ «ሰደደ» ማለት አባረረ፣ አሳደደ ማለት ነው። አማርኛ አለሳልሶት «ላከ» አደረገው፤ «ልጁን ገበያ ሰደደው» እንላለን። «ተሰደደ» ግን በጥንቱ ትርጉም ጸና። ተደራጊ ግሥ ነውና ከጀርባው አሳዳጅ ይፈልጋል። ወንጌል «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ሲል ስለሚሳደዱ ሰዎች መናገሩ ነው። እመቤታችን ልጇን አዝላ ግብፅ የወረደችበትን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 እናስባለን። ያ ጉዞ ስደት የተባለው ሄሮድስ ስለነበረ ነው።

ሕጉም ይህን ጠብቋል። የ1951 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ስምምነት ስደተኛ የሚለው መሳደድን በበቂ ምክንያት የሚፈራን ሰው ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም «የስደተኞች ጉዳይ» ሲል ስለ እነዚሁ ሰዎች ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ግን በሌላ አዋጅ፣ በቁጥር 923/2008፣ «የውጭ አገር ሥራ ስምሪት» ተብለው ተለይተዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ እንምጣ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ሃሪስና ቶዳሮ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን ጥናት እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። የገጠር ሰው ወደ ከተማ የሚገባው የከተማውን ደመወዝ ብቻ አይቶ አይደለም፤ ሥራ የማግኘት ዕድሉንም አስልቶ ነው ይላሉ። ከተማው በሥራ አጥ ተጥለቅልቆም ሰው መግባቱን የማያቆመው ለዚህ ነው። እንዲህ ቁጭ ብሎ ያሰላን ሰው «ተሰደደ» ካልን ማን አሳደደው? የተባበሩት መንግሥታት የ1998 (እ.ኤ.አ.) የስታቲስቲክስ ምክርም ከሚኖርበት አገር ወጥቶ ቢያንስ 12 ወር ሌላ አገር የተቀመጠን ሰው ይቆጥራል እንጂ ለምን ወጣህ አይለውም። የእርስዎ ጥናት ሰው ለምን እንደሄደ ሊመረምር ነው የተነሣው። «ስደት» ካሉ ግን ቃሉ ገና ከርእሱ ላይ መልሱን ሰጥቶ ያርፋል።

«ፍልሰት የዐፅምና የወፍ ነው፤ ሰው አይፈልስም» የሚሉ አሉ። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አልቀበለውም። እርግጥ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው። በነሐሴ የምንጾመው ፍልሰታም ከዚሁ ሥር ነው። ይሁንና ግእዝ «ፈለሰ»ን ለሕያው ሰውም ይለዋል። «ፈላሲ» ከአገሩ የወጣ፣ መጻተኛ፣ መናኝም ጭምር ነው። ዛሬም «ከገጠር ወደ ከተማ ፍልሰት»፣ «የምሁራን ፍልሰት» ስንል ማንም አይገረምም። የሚፈልሱት ሰዎች አይደሉም እንዴ?

ከሥሩ ከገባን አይቀር ስለ «ንግድ»ም አንድ ነገር ልበል። በግእዝ «ነገደ» ነገደ ብቻ ሳይሆን ተጓዘም ነው። «ነጋዲ» መንገደኛ ነው። «ንግደት» ወደ ቅዱስ ቦታ የሚደረግ ጉዞ ነው። «እንግዳ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሄደው፣ የሸጠውና በደጃፍ የቆመው ሰው በአንድ ሥር ተሰብስበዋል። ይህንኑ የጉዞና የንግድ ዝምድና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዴቪድ ጉልድ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በቁጥር አሳይቶታል፤ አሜሪካ የገቡ ሰዎች ከትውልድ አገራቸው ጋር ያለውን ንግድ ያሳድጋሉ። ገበያውንም፣ ቋንቋውንም፣ የሚታመነውንም ሰው ያውቃሉና። ለጥያቄዎ መልስ ይህ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ርእስዎ «ንግድ»ን ከ«ፍልሰት» ጎን ሲያቆም ደስ ብሎኝ ነው።

«ፍልሰት» የራሱ ጥላ አለበት። «ፈላሻ»ን ብዙዎች ከዚሁ ሥር ያወጡታል፤ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በዚህ ስም መጠራትን እንደ ስድብ ያዩታል። ስለዚህ ለሰው «ፈላሽ» አይበሉ። እኔ «ፈላሲ» ብል እመርጣለሁ፤ አጭርና ጥንታዊ ነው። ነገር ግን ጋዜጣውም፣ መሥሪያ ቤቱም «ፍልሰተኛ» ብሎ ጨርሷል። ጆሮዬን ይኮሰኩሰኛል፤ ቢሆንም አንባቢ የሚያውቀው እሱን ነውና ይጠቀሙበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልወድ አምናለሁ። ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ልጅ «ስደት ላይ እያለሁ» ነው የምትለው። «ፍልሰት ላይ እያለሁ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ማንም ባያሳድዳትም፣ ማጣት አሳደደኝ ካለች ማን ይከራከራታል? ቃለ መጠይቅ ካደረጉ የተናገረችውን እንዳለ ይጻፉ። እርማትዎ በራስዎ ዐረፍተ ነገር ላይ ይቁም።

ስለ «ኢንቨስትመንት» አልጠየቁኝም፤ ማለፍ ግን አልቻልሁም። «መዋዕለ ንዋይ» የሚል ያማረ ቃል አለን። «መዋዕል» ከ«ወዐለ» ነው፤ የእኛ «ዋለ» ማለት ነው። መዋዕለ ሕፃናት ሕፃናት የሚውሉበት እንደሆነ ሁሉ፣ ገንዘብም «ሥራ ላይ ይውላል» እንላለን። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? ሕጉ ግን «የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012» ነው፤ ባንኩም ባለሀብቱም እንደዚያው ይላል። እዚህ ላይ ተሸንፈናል።

ስለዚህ «ንግድ፣ ኢንቨስትመንትና ፍልሰት» ብለው ይጻፉ። አማካሪዎ «ማይግሬሽን» ይሁን ካሉ «የምሁራን ፍልሰት»ን ምን ብለው እንደሚጠሩት በአክብሮት ይጠይቋቸው።